ከዋናው ቤት ጀርባ፦ ሰርቪስ ቤትና ዘግይቶ የሚታወቀው ሕግ

በአዲስ አበባ የመኖሪያ ግቢ ሲባል ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ቤት ማለት ነው። ከበሩ ትይዩ ባለቤቱ እንግዳ የሚቀበልበት ዋናው ቤት ይቆማል፤ ከጀርባው ወይም አጥሩን ተጠግቶ ደግሞ በተርታ የተሠሩ፣ ጣሪያቸው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ክፍሎች ይታያሉ። የከተማው ሰው እነዚህን ክፍሎች «ሰርቪስ» ይላቸዋል። ስማቸው እንደሚያመለክተው መጀመሪያ የታሰቡት ለአገልግሎት ነበር፦ ለማዕድ ቤት፣ ለዕቃ ማስቀመጫ፣ ለቤት ሠራተኛ ማደሪያ። ዛሬ ግን በውስጣቸው የሚኖሩት አዲስ ተጋቢዎች፣ ተማሪዎች፣ ከክፍለ ሀገር ለሥራ የመጡ ወጣቶችና ዋናውን ቤት ለልጆቻቸው የለቀቁ አረጋውያን ናቸው። ለብዙ ጡረተኛም ከሰርቪሱ የሚገኘው ኪራይ ከጡረታ አበሉ ያላነሰ የኑሮ ምሰሶ ነው። ስለዚህ ሰርቪስ ቤት ከዋናው ቤት ጋር የተለጠፈ ተቀጥላ ብቻ ሳይሆን ከከተማዪቱ የመኖሪያ ቤት አቅርቦት አንዱ ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ቤት የሚሠራበት ቅደም ተከተል ግን የተገለበጠ ነው። ባለይዞታው ገንዘቡን ያጠራቅማል፣ ግንበኛ ያነጋግራል፣ ብሎኬትና ቆርቆሮ ያስመጣል፣ ይሠራል። ሕጉን የሚያገኘው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ቤቱን ሊሸጥ ሲል፣ በመያዣ ሊበደር ባንክ ሲሄድ፣ ውርስ ሲከፈል ወይም ቦታው ለልማት ሲፈለግ። በዚያን ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ «እንዴት ይሠራ?» መሆኑ ይቀርና «በሕግ ፊት አለ ወይስ የለም?» ይሆናል። ይህ ሁኔታ ብዙውን ጊዜ በነዋሪው አለማወቅ ወይም በእምቢተኝነቱ ይመካኛል። ምክንያቱ ግን ከዚያ የሰፋ ነው። የሁለተኛውን ቤት ዕጣ የሚወስኑት ድንጋጌዎች በብዙ አዋጆችና በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትነው ይገኛሉ፤ አንዳቸውም ቤቱን በስሙ ጠርተው ሙሉ መልስ አይሰጡም። ከዚህም በላይ መንግሥት ሰርቪሱን ግብር ሲሰበስብ በግልጽ ያየዋል፤ ጥበቃ ሲሰጥ ግን እይታው ይደበዝዛል። ሊታረም የሚገባው ይህ አለመመጣጠን ነው።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 አንድ ቤተሰብ ከአንድ በላይ መኖሪያ ቤት እንዳይኖረው ደነገገ፤ ለመኖሪያ የሚፈቀደውንም ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ወሰነው። «ትርፍ ቤት» የሚለው ሐረግ በከተሜው ንግግር ውስጥ የገባው ያን ጊዜ ነው። ከራስ መኖሪያ ውጭ ያለ ቤት ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይበት፣ ቤት አከራይቶ መኖር በብዝበዛ የሚያስፈርጅበት ዘመን ነበር። አዋጁ የወጣበት ሥርዓት አልፏል፤ በቤት ማከራየትም ዛሬ ሕጋዊ ገቢ ነው። ሆኖም በአንድ ቦታ ላይ አንድ ቤተሰብና አንድ ቤት ብቻ የማየት ልማድ ከአዋጁ ዕድሜ በላይ የዘለቀ ይመስላል። ይህ ከሰነድ የሚጠቀስ ሐቅ ሳይሆን ከአሠራር የሚነበብ ግምት ነው፤ ግን ያለ እርሱ የኋለኞቹን ሕጎች ዝምታ ማስረዳት ያስቸግራል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ሁለት ነገሮችን ለይቶ አስቀምጧል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሚገነባው ቋሚ ንብረት ግን የራሱ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር «ግቢዬ» የሚል ሰው ይህን ልዩነት አያስተውለውም፤ ሰርቪስ ሲሠራ ግን በልዩነቱ መካከል ቆሟል። የግድግዳው ባለቤት ነው፤ ግድግዳው የሚያርፍበት ቦታ ግን በመጠቀም መብት የተያዘ ነው፣ መብቱም ቅድመ ሁኔታ አለው። ቅድመ ሁኔታው ደግሞ እንደ ይዞታው ዓይነት ይለያያል። በሊዝ የተያዘ ቦታ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የሚፈረመው የሊዝ ውል የቦታውን አገልግሎትና የግንባታውን ግዴታ ይዟል፤ ነባር ይዞታ ከሆነ ባለይዞታው በእጁ ያለው ካርታ ነው፣ ካርታው ሲሰጥ ግቢው ምን ይመስል እንደነበረም የሚመሰክረው እርሱ ነው። በ1980ዎቹ ካርታ ያወጣ ሰው በ2000ዎቹ ሦስት ክፍል ቢጨምር ወረቀቱና ግቢው ተለያይተዋል ማለት ነው። ይህን መለያየት ማንም አይነግረውም፤ እርሱም የሚጠይቅበት ምክንያት አይታየውም።

ስለ ግንባታው ራሱ የሚደነግገው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው። አዋጁ ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ በሦስት ምድብ ሲከፍል መለኪያው የምሰሶዎች ርቀት፣ ከፍታና አገልግሎት ነው፦ ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤት በቀላሉ ምድብ «ሀ» ይወድቃል፤ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ወይም ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ በከባዱ ምድብ «ሐ»። ከግንባታ ፈቃድ በፊት የፕላን ስምምነት መጠየቅንም ሥርዓቱ ያዛል። ነገሩ በአመክንዮ ረገድ እንከን የለውም። ግን አዋጁ የሚለካው እያንዳንዱን ሕንፃ ለብቻው እንጂ በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉትን ቤቶች ዝምድና አይደለም። በጓሮ የሚሠራ ባለ አንድ ክፍል ሰርቪስና በባዶ ቦታ ላይ የሚሠራ አዲስ ቪላ ምድባቸው አንድ ነው፤ የሚያስነሱት ጥያቄ ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ለሰርቪሱ ዋናው ጥያቄ የምሰሶ ርቀት አይደለም። ከጎረቤት ወሰን ምን ያህል ይራቅ? የጣሪያው ውኃ ወዴት ይውረድ? መስኮቱ ወደ ማን ግቢ ይከፈት? ከቦታው ስፋት ስንት እጁ በግንባታ ቢሸፈን ይፈቀዳል? መልሱ ከሕንፃ አዋጁ ደንብና መመሪያ፣ ከከተማዪቱ መዋቅራዊ ፕላን፣ ከአካባቢ ልማት ፕላኑና ከፍትሐ ብሔር ሕጉ የጉርብትና ድንጋጌዎች ተለቅሞ የሚገኝ ነው። ለአንዲት ክፍል ይህን ሁሉ የሚለቅም ባለይዞታ ብርቅ ነው። ብዙው ሰው ደግሞ ለዋናው ቤት አንድ ጊዜ የወሰደው ፈቃድ ለግቢው ሁሉ የሚያገለግል ይመስለዋል፤ ይህ ስሕተት ምናልባት ከሁሉም ይልቅ የተስፋፋውና ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው ነው።

ወደ ግብሩ ሲመጣ ሁኔታው ይለወጣል። የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብርን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ቤትን ከዓመታዊ የኪራይ ግምቱ አንጻር ያይ ነበር። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ ከቤት ኪራይ የሚገኝን ገቢ ራሱን በቻለ ሠንጠረዥ፣ በሠንጠረዥ «ለ»፣ ግብር ያስከፍልበታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከዚህም አልፎ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ አዟል። እነዚህ ሕጎች ሰርቪሱን የሚያዩት ገቢ የሚያስገኝና ሰው የሚኖርበት ቤት አድርገው ነው፤ ትክክልም ነው። ችግሩ የሚገለጠው ሦስቱን መሥሪያ ቤቶች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ነው። ግብር ሰብሳቢው ክፍሉን ያውቀዋል፤ የኪራይ ውል መዝጋቢው ያውቀዋል፤ የግንባታ ፈቃድ ሰጪው ግን ስለ ክፍሉ የተጻፈ ነገር ከመዝገቡ ላያገኝ ይችላል። ባለይዞታው የከፈለበትን የግብር ደረሰኝ እንደ ሕጋዊነት ማስረጃ ቢቆጥረው አይፈረድበትም፤ ግን ደረሰኙ ያን ክብደት አይሸከምም።

ክብደቱ የሚታወቀው ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚከፈለው ሕጋዊ ባለይዞታ በቦታው ላይ ላፈራው ንብረት ነው። በመዝገብ የሠፈረው ዋናው ቤት ቆጠራ ላይ አያከራክርም። ፈቃድ ያልወጣለት ሰርቪስ ግን ወዲያው ለክርክር ይጋለጣል፤ የክርክሩም ሸክም ያለው በባለይዞታው ጫንቃ ላይ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ ቤተሰቦች የይዞታ ሰነዳቸውን ከሣጥን አውጥተው ከግቢያቸው ጋር እንዲያስተያዩ አስገድዷል። በሌሊት የሚቆመው «የጨረቃ ቤት» ከሕግ ውጭ መሆኑን ሠሪውም ያውቃል። የሰርቪስ ሠሪው ግን በገዛ ግቢው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የወረዳው ሰው እያየ ነው የሚገነባው። ሁለቱን በአንድ ቃል ሕገ ወጥ ማለት ቃሉን ትርጉም ያሳጣዋል።

ከመንግሥት ጋር ካለው ክርክር ይልቅ መራራው ግን በቤተሰብ መካከል የሚነሳው ነው። የታወቀው ሁኔታ ይህ ነው፦ ልጅ አግብቶ ኪራይ ሲከብደው አባት «ከጓሮ ሠርተህ ግባ» ይለዋል። ልጅ በገንዘቡ ሠርቶ ይገባል፤ በአባትና በልጅ መካከል ወረቀት ነውር ስለሚመስል ምንም አይጻፍም። ዓመታት ያልፋሉ። አባት ሲሞት ሌሎቹ ልጆች ግቢውን በሙሉ የአባት ውርስ አድርገው ይቆጥሩታል፤ በጓሮ የሚኖረው ልጅ ደግሞ የሠራሁት ቤት የራሴ ነው ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1179 በሌላ ሰው ቦታ ላይ ባለቦታው ሳይቃወም ቤት የሠራ ሰው የቤቱ ባለሀብት እንደሚሆን ይደነግጋል። ድንጋጌው ለልጁ ብርቱ መከራከሪያ ይሆነዋል። ሆኖም ሕጉ የተጻፈው መሬት በግል ይያዝ በነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ ቦታው በአባት ስም ያለ የመንግሥት ይዞታ፣ ቤቱ ያለ ፈቃድ የተሠራ፣ የአባት ስምምነትም በቃል ብቻ የነበረ ሲሆን ድንጋጌውን በነገሩ ላይ ማዋል ቀላል አይደለም። «አልተቃወመም» የሚለውንስ ማን ይመሰክራል? ከተቃራኒው ወገን የሚቆሙት ወንድምና እህት፣ ምስክር የሚሆኑትም አጎትና አክስት ናቸው።

የልጁ ሚስትም አለች። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የአንደኛው የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ ሰርቪሱ በባልና ሚስት ገንዘብ ተሠርቶ ጋብቻው ቢፈርስ ሚስቲቱ የምትጠይቀው ድርሻ በአማቷ ይዞታ ላይ ያረፈ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ተነስቶ አይሄድም፤ ቦታውም ተከፍሎ ለእርሷ ካርታ አይወጣላትም፣ ምክንያቱም ከተሞች ለአንድ ይዞታ ዝቅተኛ የቦታ ስፋት ስለሚወስኑ ሰርቪሱ ያረፈበትን ቁራሽ ብቻ ለይቶ ማካፈል ብዙውን ጊዜ አይቻልም። የሚቀራት በገንዘብ ግምት መካስ ነው፤ ያልተመዘገበና ተለይቶ ሊሸጥ የማይችል ቤትን መገመት ደግሞ በራሱ ሌላ ክርክር ይከፍታል። ሁለተኛው ቤት ሁለተኛ ይዞታ አለመሆኑ፣ ከዋናው ተለይቶ የማይሸጥና የማይተላለፍ መሆኑ፣ ከመሠረቱ ቁፋሮ በፊት መታወቅ ያለበት አንደኛው ቁም ነገር ነው። የተዳረ ልጅን በጓሮ ማስፈር ከተማው ለሌለው ቤት ቤተሰብ የሰጠው ብልህ መልስ ነው፤ ግን በሁለት ገጽ ውል፣ በባልና በሚስት ፊርማ፣ የሌሎቹም ልጆች ባሉበት ቢደረግ ፍቅሩ አይጎድልም።

ሁለተኛ ቤትን በስሙ ጠርቶ ሥርዓት የማበጀት ሐሳብ ሲነሳ ከመሐንዲሶችና ከፕላን ባለሙያዎች ዘንድ ተቃውሞ ይመጣል። ተቃውሟቸው በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ከአዲስ አበባ ብዙው ክፍል ከፍሳሽ ማስወገጃ መስመር ጋር ስላልተገናኘ እያንዳንዱ ግቢ የራሱ ጉድጓድ አለው። ለአምስት ሰው የተቆፈረ ጉድጓድ አሥራ አምስት ሰው ሲጠቀምበት ቶሎ ይሞላል። ሰርቪሱ የግቢውን መግቢያ ከዘጋው ደግሞ የፍሳሽ ማንሻው ቦቴ ቱቦ አይደርስም፤ ጉድጓዱ ራሱ ከሰርቪሱ ወለል ሥር የቀረባቸው ግቢዎችም አሉ። የእሳት አደጋ ጉዳይም እንዲሁ ነው፦ ከግንብ አጥር ጋር ተጣብቆ፣ በአንድ በር ብቻ፣ ከዋናው ቤት በተሳበ ቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ተርታ ክፍል እሳት ቢነሳበት መውጫ የለውም። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ለመከልከል ሳይሆን አስቀድሞ ለመደንገግ የሚያበቃ ምክንያት ነው። በወረቀት የማይታወቅ ቤት ተከልክሎ አልቀረም፤ ተሠርቷል፣ ያውም ጉድጓዱን ማንም ሳይለካው።

ከሌላ አገር የሚጠቀስ ልምድ ቢኖር የካሊፎርኒያው ነው። በዚያ የአሜሪካ ግዛት የከተማ አስተዳደሮች ለረጅም ጊዜ በጓሮ የሚሠራ ሁለተኛ መኖሪያን በልዩ ልዩ ደንብ ያከላክሉ ነበር፤ ውጤቱም ፈቃድ የሌላቸው፣ ወደ መኖሪያነት የተለወጡ ጋራዦች መብዛት ሆነ። የግዛቱ ሕግ አውጪ ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ተከታታይ ሕጎችን አወጣ። ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ የተሟላ ማመልከቻ የቀረበለት ከተማ በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ ውሳኔውም በግልጽ መለኪያ እንጂ በሹም ፈቃድ ወይም በጎረቤት ስብሰባ አይደለም። ከጎንና ከኋላ ወሰን 4 ጫማ፣ ማለትም 1.2 ሜትር ያህል፣ ርቆ የሚሠራን እስከ 800 ካሬ ጫማ ወይም 74 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆን ቤት ከተማው በቦታ ሽፋን ምጣኔ ሰበብ ሊከለክል አይችልም። ከ2020 በፊት ያለ ፈቃድ ለተሠሩትም በኋላ በወጣ ሕግ ወደ ሕጋዊነት የመግቢያ መንገድ ተከፍቷል፤ መለኪያው ለኑሮ አደገኛ መሆን አለመሆናቸው ነው። የካሊፎርኒያ ቁጥሮች ለአዲስ አበባ አይሆኑም፤ የመሬት ሥርዓቱም፣ የፍሳሽ መስመሩም፣ የማዘጋጃ ቤት አቅሙም የተለየ ነው። ሊወሰድ የሚገባው ሦስት ነገር ነው፦ ቤቱ በሕግ ስም ማግኘቱ፣ መለኪያው አስቀድሞ መነገሩና መልስ የሚሰጥበት ጊዜ መቆረጡ።

ለዚህ የሚሆን መነሻ በአገር ውስጥ ሕግ አለ። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 በእያንዳንዱ ይዞታ ላይ ያለውን መብት ብቻ ሳይሆን ክልከላንና ኃላፊነትንም መዝግቦ መያዝን ዓላማው አድርጓል። «ክልከላ» የሚለው ቃል በትክክል ሥራ ላይ ቢውል አንድ ባለይዞታ የይዞታውን መለያ ቁጥር ይዞ ሲጠይቅ በጓሮው ምን መሥራት እንደሚችል፣ ከወሰን ምን ያህል መራቅ እንዳለበት፣ ቦታው ለመንገድ ማስፋፊያ ወይም ለሌላ ልማት የታሰበ እንደሆነ በአንድ ገጽ ሊነገረው ይችላል። ዛሬ ይህ መረጃ የሚገኘው በየመስኮቱ ተዙሮ ነው፤ መዞር የሰለቸው ደግሞ ወደ ደላላ ይሄዳል፣ የደላላም ቃል በፍርድ ቤት አይጸናም።

ከመረጃው ቀጥሎ የሚያስፈልገው የተዘጋጀ ንድፍ ነው። የከተማው አስተዳደር ለባለ አንድና ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ጥቂት የጸደቁ ንድፎችን፣ ከጉድጓዱ መጠን፣ ከማንሻ ቱቦው መተላለፊያና ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር አዘጋጅቶ በወረዳ ደረጃ በትንሽ ዋጋ ቢሰጥ፣ ንድፉን የተቀበለ ሰው ፈቃዱን በተቆረጠ ቀን ቢያገኝ፣ ፈቃድ ማውጣት ካለማውጣት የሚቀልበት ጊዜ ይመጣል። አሁን ያለው ስሌት የተገላቢጦሽ ነው፤ ለአንዲት ክፍል የሚጠየቀው ምልልስ ለቪላ ከሚጠየቀው ብዙም ስለማያንስ ባለይዞታው ገንዘቡንም ጊዜውንም ቆጥቦ አጥሩ ከፍ ማለቱን ይመርጣል።

አስቸጋሪው ጥያቄ የቀረው ተሠርተው ያሉትን የተመለከተው ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ሕጋዊ ማድረግ ፈቃድ ለማውጣት የደከመውን ጥቂት ሰው ማስቀየም ይሆናል፤ እንዳሉ መተው ደግሞ በውስጣቸው የሚኖረውን ተከራይ ሜዳ ላይ መጣል ነው። የሚሻለው ግብር የተከፈለባቸውንና የኪራይ ውል የተመዘገበላቸውን ማስቀደም ነው። ለእነዚህ መንግሥት በገዛ መዝገቡ መኖራቸውን አምኗልና አንድ መሐንዲስ ጉድጓዱን፣ መውጫውንና ሽቦውን አይቶ ደኅንነታቸውን ካረጋገጠ በካርታው ላይ እንዲሠፍሩ ማድረግ አዲስ መብት መስጠት አይሆንም። አደገኛ ሆነው ለተገኙት የማስተካከያ ጊዜ ይሰጥ፤ ከጎረቤት ወሰን ያለፉት በጎረቤቱ ስምምነት ወይም በፍርድ ይታዩ። ገቢዎችና የግንባታ ፈቃድ ክፍሉ መዝገባቸውን የሚያስተያዩበት ጠረጴዛ ግን በቅድሚያ መዘጋጀት አለበት፤ ያለዚያ ባለይዞታው ግብሩን መደበቅ ከመክፈል ይሻላል ብሎ ይደመድማል፣ ሕጋዊ ለመሆን የሞከረውም ተጎጂ ይሆናል።